ከደረት የፈሰሰን ደም ለባለቤቱ መመለስ፦ የደም ማጠቢያ ማሽን ለሌለው ሆስፒታል

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ለአንድ ዓይነት ሌሊት ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ወይም በስለት ተወግቶ ደረቱ በደም የሞላ ሰው ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ወይም ደግሞ ደረቱ ተከፍቶ፣ ተሰፍቶ፣ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ደም እንዲወጣ ደረቱ ውስጥ የገባው ቱቦ ደም ማውረዱን አላቆመም። ደም ባንክ ሲደወል የሚገኘው መልስ «የዚህ ዓይነት ደም ለጊዜው የለንም» የሚል ነው። ሐረርም ድሬዳዋም ደም ባንክ አላቸው፤ ነገር ግን በለጋሽነት የሚታወቀው ተማሪው በመሆኑ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በጾም ወራትም፣ ማቀዝቀዣው ይሳሳል። በዚያ ሰዓት ከአልጋው ሥር በጠርሙስ ተጠራቅሞ ወደ ፍሳሽ የሚደፋው ደም የታካሚው የራሱ ነው። ዓይነቱ እንደሚስማማ አያጠያይቅም፤ ከሌላ ሰው የሚመጣ በሽታም የለበትም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ብለንዴል እ.ኤ.አ. በ1818 የውሾችን ደም ለራሳቸው እየመለሰ ሞክሯል። ጀርመናዊው ቲስ በ1914 ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ፈንድቶ ሆዳቸው ውስጥ ደም ለፈሰሰባቸው ሴቶች የራሳቸውን ደም ሰጥቷል፤ በ1917 ደግሞ ኤልመንዶርፍ ከደረት የተቀዳ ደም መልሷል። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ደም ባንክ ሲጠናከር ሲረሳ፣ ደም ሲጠፋ ሲታወስ ኖሯል።

የሚቃወሙትም ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአሜሪካ የደረት ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በደረት ቱቦ የወረደን ያልታጠበ (ቀይ ሕዋሱ በማሽን ተለይቶ ያልጸዳ) ደም፣ የባንክ ደም ለመቆጠብ ብሎ መመለስን አይመክርም፤ ሊጎዳም እንደሚችል ይገልጻል። ደረት ውስጥ የቆየ ደም በልብ ምትና በሳንባ እንቅስቃሴ ተንገላቶ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፋይብሪኖጅን አብዛኛውን ጨርሷል፤ ደም ለማርጋት የሚረዱት ፕላትሌቶችም አነስተኛ ናቸው፤ ከፈረሱ ቀይ ሕዋሳት የወጣ ሄሞግሎቢንና ከረጋ ደም ፍርስራሽ የመጡ ነገሮች ይዟል። ሒሳቡም ይታወቅ። የዚህ ደም ሄማቶክሪት (ከደሙ መጠን ቀይ ሕዋስ የሚይዘው ድርሻ) አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። 25 ብለን ብንይዝ በ450 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ቀይ ሕዋስ 112 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሄማቶክሪቱ 40 ከሆነ ለጋሽ የተቀዳ እኩል መጠን ግን 180 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ደም ባንኩ ደም ካለው የባንኩን ስጡ። የማጠቢያ ማሽን ያለበት ቦታ ከሆናችሁ እጠቡት። ከሁለቱ አንዱም ከሌለና ሰውዬው በደም ማጣት ሊሞት ከሆነ የራሱን ደም መልሱለት፤ ነገር ግን ዝግጅቱ ቱቦው ደረት ከመግባቱ በፊት ካልተጠናቀቀ አትጀምሩ። ደሙ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ከረጢት ፍለጋ ወደ መጋዘን የሚሮጥ ሰው የሚመለሰው ደሙ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሥራው የሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የነርስ የጋራ ሥራ ነው። ሆስፒታሉ አስቀድሞ ያጸደቀው የራሱ የአሠራር ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ደንብ ለማዘጋጀትና ሠራተኛውን ለማለማመድ እንጂ በሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቶ እየተነበበ እንዲሠራበት አይደለም።

የማይመለስ ደም

በእኛ አካባቢ ደረት ከሚከፈትባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

በሳንባ ነቀርሳ ወይም በሳንባ ምች ሳቢያ መግል ቋጥሮ የከረመ ደረት ሲከፈት የሚፈሰው ደም ከመግሉ ጋር ተነካክቷል፤ እርሱን መመለስ ባክቴሪያን በካኑላ (በደም ሥር መስጫ ቱቦ) መስጠት ነው። ከብቱ፣ ፍየሉና ውሻው አብረው ከሚውሉበት አርብቶ አደር አካባቢ የሚመጣ ታካሚ ሳንባው ውስጥ የሃይዳቲድ ከረጢት (የጥገኛ ትል እጭ የያዘ፣ ፈሳሽ የሞላው እብጠት) ሊኖረው ይችላል። የዚያ ከረጢት ፈሳሽ ከደሙ ጋር ከተቀላቀለ ነፍስ የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ያስነሣል፤ ጥገኛ ትሉም በሰውነት ሊዛመት ይችላል። ሐኪሙ ትሉን ለመግደል የሚጠቀምበት ከፍተኛ የጨው ውሕድም ቀይ ሕዋሳትን ይጎዳል። በሁለቱም ሁኔታ መልሱ ያለ ክርክር «አይሆንም» ነው። ካንሰር ያለበት ደረትም እንዲሁ።

የስለት ቁስል ሲሆን የገባበትን ከፍታ ተመልከቱ። ከጡት ጫፍ መስመር በታች የገባ ስለት ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ቀዶ ሆድ ውስጥ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ በግራ በኩል ጨጓራና አንጀት፣ በቀኝ ጉበት አለ። በቱቦው የወረደው ደም ሽታ ካለው፣ የምግብ ቅንጣት ወይም ሐሞት ከታየበት ይደፋ። የጉሮሮ ቧንቧ ተቀዷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም እንደዚያው።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። ከፈሰሰ ከ6 ሰዓት በላይ የሆነው ደም አይመለስም። ትናንት ማታ ተጎድቶ ከሩቅ ወረዳ ዛሬ ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው ደረት ውስጥ የተጠራቀመው ደም፣ ምንም ያህል ቀይና ንጹሕ ቢመስል፣ ጊዜው አልፎበታል።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የተደረገውም ይጠየቅ። ደረቱ በአዮዲን ወይም በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ታጥቧል? ደም ለማርጋት ቁስሉ ላይ የሚደረግ ዱቄት ወይም ስፖንጅ ተቀምጧል? በደም ሥር የማይሰጥ አንቲባዮቲክ ፈስሷል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ደም አይወሰድም። ሐኪሙ በደረት ውስጥ ያደረገውን ሁሉ ሳይናገር ከወጣ ከበሩ መልሱት፤ ይህን መጠየቅ የነርሷ መብትም ግዴታም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር፦ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም ወባ በደሙ ውስጥ መኖሩ የራሱን ደም ለራሱ ከመመለስ አያግድም። ከእርሱ ወጥቶ ወደ እርሱ የሚገባ ነው። አደጋው ለሠራተኛውና ከረጢቱ በስሕተት ለሌላ ታካሚ ከተሰቀለ ለዚያ ሰው ነው። ባክቴሪያ በደሙ የተሰራጨበት ታካሚ ግን ከዚህ ይለያል፤ ለእርሱ አይደረግም። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የደከመ፣ ወይም ደሙ ከጅምሩ መርጋት ያቃተው ታካሚ ላይ ደግሞ ውሳኔው የከፍተኛው ሐኪም ይሁን።

ቱቦው ከመግባቱ በፊት

አንድ ክዳን ያለው ሳጥን በድንገተኛ ክፍል፣ ሌላ በቀዶ ሕክምና ክፍል ይቀመጥ። በውስጡ የሚኖሩት፦

ደም ባንክ ለጋሽ የሚቀዳባቸው ባለ 450 ሚሊ ሊትር ከረጢቶች (እያንዳንዱ 63 ሚሊ ሊትር ሲፒዲኤ የተባለውን፣ ከዚህ በኋላ ሲትሬት የምንለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ይይዛል)፤ ስቴራይል (ከጀርም የጸዱ) የሆኑና በየ50 ሚሊ ሊትሩ ምልክት ያላቸው የደረት ጠርሙሶች ከነክዳንና ከነቱቦአቸው፤ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች፤ ስቴራይል ጎዝ፤ ደም መስጫ ቱቦ ከነማጣሪያው («ሴት» የሚባለው)፣ ከተገኘም የ40 ማይክሮን ማጣሪያ፤ ኖርማል ሳላይን፤ ሁለት ትልልቅ ክላምፕ (ቱቦ መቆንጠጫ)፤ ካልሲየም ግሉኮኔት፤ መለያ ወረቀትና የማይለቅ ብዕር።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ከረጢቱ ተነቅሎ በቀጥታ የሚሰቀል የደረት መሰብሰቢያ ካላችሁ እሰየው፤ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉና ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት።

ከሌላችሁ ሁለት ጠርሙስ በተከታታይ አገናኙ። የመጀመሪያው፣ ለታካሚው የሚቀርበው፣ ባዶና ስቴራይል ሲሆን ደሙን ይሰበስባል። ሁለተኛው የቱቦው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ የጠለቀበት፣ አየር ወደ ደረት እንዳይመለስ የሚያግደው ጠርሙስ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተጠቀማችሁ ደሙ ከውኃው ጋር ይቀላቀላል፤ በውኃ የተቀላቀለ ደም ደግሞ ሕዋሱ ፈንድቶ ይጠፋል። ከዚያ ከአንዱ ከረጢት ውስጥ ያለውን 63 ሚሊ ሊትር ሲትሬት በሲሪንጅ ሳቡት። 30 ሚሊ ሊትሩን አሁን ወደ መጀመሪያው ጠርሙስ አስገቡ፤ ቀሪው 33 ተከድኖ ይቆይና ደሙ 200 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ይጨመር። ባዶ የቀረው ከረጢት በኋላ ራሱ የደሙ ማስቀመጫ ይሆናል።

ለምን በሁለት ጊዜ? መጠኑ ለ7 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት ነው። ሁሉንም በአንዴ አስገብታችሁ ደሙ 150 ላይ ቢቆም በሲትሬት የተጥለቀለቀ ደም ይዛችሁ ትቀራላችሁ። «ደረት ውስጥ የቆየ ደም አይረጋም፣ ሲትሬት ለምን?» የሚል ባለሙያ ያጋጥማችኋል። ለቆየው ደም እውነቱን ነው። ከተቆረጠ የደም ሥር አሁን የሚፈልቀው ትኩስ ደም ግን ይረጋል፤ የትኛው እየወረደ እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይደረግ።

ፈቃድ

ታካሚው ነቅቶ ከሆነ ለራሱ፣ ካልሆነ ለቅርብ ዘመዱ በሚገባው ቋንቋ ይነገር። ሐረር ውስጥ ይህ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ ወይም ሶማሊኛ ሊሆን ይችላል፤ የምትናገረው ነርስ ከሌላ ክፍልም ብትሆን ትጠራ። ማብራሪያው አጭር ይሁን፦ «አባባ፣ ከልጅዎ ደረት የሚወጣውን ደም በንጹሕ ዕቃ ሰብስበን፣ አጣርተን ለራሱ ልንመልስለት ነው። የሌላ ሰው ደም ለጊዜው አልተገኘም። ትኩሳት ሊያመጣበት፣ ደሙ እንዳይረጋ ሊያደርግበት ይችላል፤ አጠገቡ ሆነን እንጠብቀዋለን።» ድሬዳዋ ላይ የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ «አቦ፣ የራሱ ከሆነማ ምን ታስፈቅዱኛላችሁ?» የሚል ነው። ፊርማው ግን ይወሰድ። ሌላው ፍርሃት «ወድቆ የተነሣ ደም» የሚለው ነው፤ ደሙ መሬት እንዳልነካ፣ ከቱቦ ወደ ጠርሙስ ብቻ እንደሄደ ጠርሙሱን እያሳያችሁ አስረዱ። የይሖዋ ምሥክር የሆነ ታካሚ ቢያጋጥማችሁ «ደም አይቀበሉም» ሲባል የሰማችሁን ይዛችሁ አትወስኑለት፤ የራስን ደም መመለስ በእምነቱ ለግለሰቡ ሕሊና የተተወ ስለሆነ እርሱኑ ጠይቁት።

መሰብሰብ

ቱቦው በተለመደው መንገድ ይገባል፦ በአምስተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መካከለኛ መስመር ትንሽ ወደ ፊት፣ ለአዋቂ ከ28 እስከ 32 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ)። የቆዳው ዝግጅት አዮዲን ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይድረቅ፤ የተጠራቀመውም ይጠረግ።

የመጀመሪያው ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ሰዓቱ ይጻፋል። እዚህ ላይ ሳልቆም ማለፍ አልችልም፤ የእኛ ሆስፒታሎች በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ይሠራሉ። አንዷ ነርስ «8፡10» ስትጽፍ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአሥር ማለቷ ነው፤ ጠዋት ተረኛ የሚሆነው ሐኪም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8፡10 አድርጎ ያነበዋል፤ ደሙ ስድስት ሰዓት የተጨመረለት ይመስላል። ስለዚህ የተጀመረበትን ብቻ ሳይሆን የሚያበቃበትን ጻፉ፤ በትልቁም ይሁን፦ «ከጠዋቱ 2፡10 በኋላ ይጣል፣ በኢትዮጵያ ሰዓት»። በዚያው ወረቀት ላይ የታካሚው ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ «ለራሱ ብቻ» እና «ያልታጠበ፣ ያልተመረመረ» የሚሉ ቃላት ይስፈሩ። ወረቀቱ የሚለጠፈው ጠርሙሱ ላይ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተለጠፈ ከሌላ ክዳን ጋር ይለዋወጣል።

የስድስቱ ሰዓት ገደብ ቁጥሩ የሚጀምረው ቢዘገይ ቢዘገይ መሰብሰብ ከተጀመረበት ነው፤ ከረጢቱ ከተሰቀለበት ብሎ የሚቆጥር ሠራተኛ አለና አስረግጣችሁ አስተምሩ። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የአልጋው ክፍል ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ያድራል። ሐረር 1,800 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ከተማ ነውና በዚህ አይቸገርም። ባክቴሪያ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚፋጠን በድሬዳዋ ሙቀት ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ማውረድን እመርጣለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ 6 ሰዓት ግን ለማንም የማይጣስ ጣሪያ ነው።

ጠርሙሱ ከደረቱ በታች ይቀመጥ። በየጥቂት ደቂቃው ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፤ ደሙና ሲትሬቱ ይገናኙ እንጂ በቅል ውስጥ እንዳለ ወተት አትናጡት፤ አረፋ ማለት የፈረሰ ሕዋስ ነው። መምጠጫ ማሽን ካስፈለገ ከ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ አይበልጥ። ቱቦውን በጣት እየጨመቁ ማለብ ቀይ ሕዋሱን ይፈጨዋል፤ ተዘግቶ ከሆነ ብቻ በቀስታ ይደረግ። መብራት ሲጠፋ መምጠጫው ይቆማል፤ በዚያ ጊዜ የማሽኑን ቱቦ ነቅላችሁ የሁለተኛውን ጠርሙስ የአየር መውጫ ክፍት ተዉት። ከቆመ ማሽን ጋር እንደተያያዘ የቀረ ጠርሙስ አየሩን ደረት ውስጥ ያፍነዋል።

ጠርሙሱ ሲሞላ መለወጫው ተዘጋጅቶ፣ ሲትሬቱ ገብቶ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይጠብቅ። ቱቦውን በሁለት ክላምፕ ያዙ፣ ለውጡ፣ ወዲያው ፍቱ። ይህ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው። ውኃው ውስጥ አየር የሚያንቆረቁር ከሆነ ከሳንባው አየር እያፈተለከ ነው ማለት ነውና የተዘጋ ቱቦ አየሩን አጠራቅሞ ልብን ሊገፋ ይችላል። ክላምፑን ቆልፎ ስልክ ለማንሣት የሄደ ሰው ታካሚ ይገድላል።

ከመመለሱ በፊት የሚታይ

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ትልልቅ የረጋ ደም ከሞላበት፣ ከሸተተ፣ ስብ ከተንሳፈፈበት፣ ከጠቆረ ተዉት። ከዚያ ትንሽ ናሙና በቀጭኑ የሄማቶክሪት ቱቦ ሞልታችሁ አሽከርክሩ። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ገለባማ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ደሙ ሊመለስ ይችላል። ጥቁር ወይን መስሎ ከቀላ ሕዋሱ ፈርሷል፤ ያ ሄሞግሎቢን ኩላሊት ላይ ይወድቃል፤ ደሙ ይጣል። ሴንትሪፉጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቆልፎ የሚያድር ከሆነ የሌሊቱ ተረኛ ቁልፍ እንዲይዝ ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ደህና ከሆነ ስቴራይል ጓንት ለብሳችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ፣ በሳላይን በራሰ ብዙ ንብርብር ጎዝ አሳልፋችሁ ወደ ሁለተኛ ስቴራይል ዕቃ አፍስሱት፤ ከዚያ በሲሪንጅ ያለ መርፌ ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ወደ ከረጢቱ አስገቡ። በኃይል የተገፋ ደም ይፈርሳል። ከረጢቱን ገልብጣችሁ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ። መለያው ወዲያው ከጠርሙሱ ወደ ከረጢቱ ይገልበጥ፤ ሁለት ሰዎች ከታካሚው የእጅ መለያ ጋር አያይዘው ያንብቡት።

ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስቀምጡት። «ለነገ» የሚባል ነገር የለም።

መመለስ

ካኑላው ቢያንስ 18 ጌጅ ይሁን። መስመሩ በኖርማል ሳላይን ብቻ ይሞላ፤ በሪንገር ላክቴት ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲትሬቱን አሸንፎ ደሙን ቱቦ ውስጥ ያረጋዋል፣ ዴክስትሮስ ደግሞ ሕዋሱን ያፈርሳል። የ40 ማይክሮን ማጣሪያ ካለ ይጠቀሙበት፤ ከሌለ ማጣሪያው ከ170 እስከ 200 ማይክሮን የሆነው የተለመደው ደም መስጫ ቱቦ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ከረጢት አዲስ ደም መስጫ ቱቦ ይሁን።

የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና ኦክሲጅን ከመጀመራችሁ በፊት ይመዝገቡ። ታካሚው በዓይናችሁ ፊት እየሞተ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ዝግ ብለው ይሂዱ፤ ነርሷም ከአልጋው አትለይ። ከረጢቱን በግፊት ጥብጣብ ማስጨነቅ አይፈቀድም፤ ውስጡ የቀረች ትንሽ አየር በደም ሥር ወደ ልብ ትገባለች።

ያልታጠበ ደም መጠኑ 1 ሊትር ሲደርስ ቁሙና አስቡ። ከዚያ በላይ የሚመለሰው ደም ቀይ ሕዋስ ቢጨምርም የማርጋት አቅምን ይቀንሳል፤ ፕላዝማ፣ ፕላትሌት ወይም ከለጋሽ የተቀዳ ትኩስ ሙሉ ደም ያስፈልጋል። ደረቱ የተጎዳ ሰው ከተጎዳ 3 ሰዓት ካልሞላው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ 1 ግራም በ8 ሰዓት ይሰጠው፤ ይህ ደሙ ተመለሰም አልተመለሰ የሚደረግ ነው።

ክትትል

ከንፈሩና የጣቶቹ ጫፍ ከደነዘዙበት፣ እጁ ከተኮማተረ ወይም የደም ግፊቱ ያለ ምክንያት ከወረደ ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይዞበታል። 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር በዝግታ፣ በ10 ደቂቃ ገደማ፣ በሌላ ካኑላ ይሰጥ፤ በደሙ መስመር በፍጹም አይደለም። የተኛና ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ድንዛዜውን ስለማይናገር ሞኒተሩን እዩ።

ሽንቱ ከቀላ ወይም የሻይ መልክ ከያዘ ደሙን አቁሙ፣ ፈሳሽ ስጡ፣ የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ ለኩ። ብርድ ብርድ ካለውና ካተኮሰው እንዲሁ አቁሙ፤ ከታካሚውም ከከረጢቱም ለካልቸር ናሙና ውሰዱ።

ደሙ መርጋቱን ለማወቅ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ አትቀመጡ። 2 ሚሊ ሊትር ደም ከክንዱ ቅዱና በንጹሕ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የመስታወት ቱቦ አድርጋችሁ ጭብጣችሁ ውስጥ ሙቀት እንዲያገኝ ያዙት። ከ4 ደቂቃ በኋላ ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉት፤ ከዚያ በየደቂቃው። በ7 ደቂቃ ካልረጋ ወይም የረጋው ሲነካ የሚፈራርስ ከሆነ የመርጋት ችግር አለ። ፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ አይሆንም።

በማግስቱ የሚመጡ አንዳንድ ውጤቶች ያሳስታሉ። በደረት ደም ውስጥ ሲኬ፣ ኤልዲኤች (ሕዋስ ሲጎዳ የሚወጡ ኢንዛይሞች) እና ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣ) ከፍ ያሉ ስለሆኑ ደሙ ከተመለሰ በኋላ በታካሚው ውስጥም ከፍ ብለው ይታያሉ። ይህን የማያውቅ ሐኪም ልቡ ተጎድቷል ወይም ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም አለ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የላቦራቶሪ መጠየቂያው ላይ «የራሱ የደረት ደም ተመልሶለታል» ብላችሁ ጻፉ።

እየመለሳችሁ ሳለ የፍሰቱን መጠን መቁጠር አታቁሙ። ቱቦው እንደገባ 1,500 ሚሊ ሊትር በአንዴ ከወረደ፣ ወይም በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ለ2 እስከ 4 ሰዓት ከቀጠለ ጉዳዩ የከረጢት አይደለም፤ ደረቱ ይከፈት፣ ተከፍቶ ከሆነም ተመልሶ ይከፈት። የዚህ ዘዴ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ደም እየተመለሰ ግፊቱ ደህና ሲመስል ሐኪም መጥራት ይዘገያል፤ የፈሰሰውን መልሶ ማፍሰስ ሕክምና መስሎ ይታያል።

ታካሚው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፣ ለምሳሌ ከድል ጮራ ወደ ሕይወት ፋና፣ የሚላክ ሰው ደንገጎን ይወጣል። ከመነሣታችሁ በፊት የተሰበሰበውን ጨርሱ ወይም ጣሉ፤ በከረጢት ተሞልቶ በሹፌሩ አጠገብ የሚጓዝ ደም አይኑር። በጉዞ ላይ ደም መስጠት ካለበት አብሮ የሚሄደው ከላይ ያለውን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን። የደረት ቱቦው ለመንገድ ተብሎ አይዘጋ። ጠርሙሱ ከወለሉ ጋር በፕላስተር ወይም በገመድ ይታሰር፤ በመጠምዘዣው ተገልብጦ ውኃው ከፈሰሰ አየር ወደ ደረት ይገባል። ጠርሙሱን አልጋው ላይ ከታካሚው ጎን ማስቀመጥ ደግሞ ይዘቱን ወደ ደረቱ ይመልሳል።

የመላኪያው ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ይኑሩ፦ ከደረት የወጣው፣ የተመለሰውና የተጣለው። ብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት የወጣው ሁሉ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ የተመለሰው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው፤ ተቀባዩ ሐኪም በዚያ ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ ፈሳሽ ያጥለቀልቀዋል። ለምሳሌ 900 ወጥቶ አንድ ጠርሙስ፣ ማለትም 450፣ ከተመለሰና የቀረው ረግቶ ከተጣለ በገቢው ዓምድ የሚጻፈው 513 ሚሊ ሊትር ነው፤ 63ቱ ሲትሬት ናቸው። በጣልነው 450 ላይ ደግሞ ለምን እንደተጣለና በስንት ሰዓት እንደተጣለ ይሰፍራል፣ ፊርማውም የሁለት ሰው ይሁን።